ቀን ለጠላቂ፣ ሌሊት ለስደተኛ

ፖርት ሱዳን የምትባለው ከተማ የተወለደችው በኮራል ምክንያት ነው። ከእርሷ በስተደቡብ የምትገኘው ጥንታዊቷ ሱአኪን ለዘመናት የቀይ ባሕር ነጋዴዎችና የመካ ተጓዦች ወደብ ነበረች፤ ቤቶቿም ከባሕር ተፈልጦ በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ነበሩ። የእንፋሎት መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ ግን ግራና ቀኙ በኮራል ሪፍ የተያዘው ጠባብ መግቢያዋ አላሳልፍ አላቸው። ሱዳንን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ወደ ሰሜን ሲያስሱ ሰፊና ጥልቅ መግቢያ አገኙና በ1909 አዲሱን ወደብ ከፈቱ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲሱ ከተማ ሄደ፤ ሱአኪን ባዶዋን ቀርታ የኮራል ቤቶቿ አንድ በአንድ ፈረሱ።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየወሰዱ መኖሪያቸውን ይገነባሉ፤ በሞቱት አጽም ላይ አዲሶቹ ይቀጥላሉ፤ እንዲህ የሚያድገው ግንብ ሪፍ ይባላል። ቻርልስ ዳርዊን በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ግንቦች በሦስት ከፍሏቸዋል፦ ከየብሱ ተጣብቆ የሚሄደው፣ ከየብሱ ራቅ ብሎ በመካከሉ የውኃ መተላለፊያ ትቶ እንደ አጥር የሚዘረጋው፣ በመሐል ባሕር እንደ ቀለበት የሚቆመው። በሱዳን ዳርቻ ሦስቱም አሉ። ከፖርት ሱዳን በጀልባ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ዳርቻውን የያዘውን ሪፍ፣ ቀጥሎ ዊንጌትንና ሌሎቹን የአጥር ሪፎች ያገኛል። ከዳርቻው 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ ከ800 ሜትር ጥልቀት ቀጥ ብሎ የወጣው ሳንጋነብ አለ።

ዳርቻው ላይ ሪፉ አልፎ አልፎ ይቋረጣል። በጥንት ዘመን ጎርፍ የቦረቦራቸው ሸለቆዎች ባሕር ገብቶባቸው ጠባብ የውኃ በሮች ሆነዋል፤ የአገሩ ሰው "መርሳ" ይላቸዋል። ከመርሳ ውጪ ጀልባ ወደ የብሱ ለመጠጋት ቢሞክር ሆዱን ኮራል ይቀደዋል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁም፣ የዕንቁ ነጋዴውም፣ ኮንትሮባንዲስቱም እነዚህን በሮች በስም ያውቃቸዋል።

በዚህ ባሕር የጠለቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ለመዝናናት አልመጡም። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ባለው የዱንጎናብ ሰላጤ የአካባቢው ጠላቂዎች ሳንባቸው በያዘው ትንፋሽ ብቻ ወርደው የዕንቁ ቅርፊት ይለቅሙ ነበር። ሲሪል ክሮስላንድ የተባለው እንግሊዛዊ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደዚያ ሄዶ ቅርፊቱን በእርባታ ለማምረት ዓመታት ደከመ። በ1913 ስለዚያ በረሃና ባሕር መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉን አንብቦ ለዕረፍት ወደ ዱንጎናብ የተነሣ ሰው ቢኖር ግን የሚገርም ነበር፤ ቦታው ሙቀት፣ ጨውና ጥማት ነው።

ጁን 1940 ላይ ኡምብሪያ የተባለች የጣልያን የጭነት መርከብ ከስዊዝ ቦይ ወጥታ ወደ ደቡብ ትጓዝ ነበር። ሆዷ ወደ 360,000 የሚጠጉ ቦምቦች፣ ሲሚንቶና ሦስት ፊያት አውቶሞቢሎች ይዟል። ቦምቡ በምሥራቅ አፍሪካ ላለው የጣልያን ጦር የታሰበ ነበር። ኢትዮጵያ በወረራ ሥር፣ አርበኞች በዱር በገደል በነበሩበት ጊዜ ያ ጭነት ምጽዋ ቢደርስ በማን ራስ ላይ ይወርድ እንደነበር መገመት አይከብድም። እንግሊዞች መርከቧን ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቁመው ዊንጌት ሪፍ ላይ መልሕቅ እንድትጥል አዘዙ፤ ወታደሮችም ለፍተሻ ወጡባት።

በማግስቱ፣ ጁን 10፣ የመርከቧ አዛዥ ሎሬንዞ ሙይዛን ሬዲዮ ሲከፍት ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ማወጁን ሰማ። መርከቧ ላይ ያሉት እንግሊዞች ወሬው ገና አልደረሳቸውም። አዛዡ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ እንግሊዙ መኮንን ሄደና መርከበኞቹ በነፍስ አድን ጀልባ የማምለጥ ልምምድ እንዲያደርጉ ፈቃድ ጠየቀ። ተፈቀደለት። ሰዎቹ ጀልባዎቹን ሲያወርዱ ከታች ያሉት ደግሞ የውኃ መግቢያዎቹን ከፈቱ። እንግሊዞቹ ነገሩ ሲገባቸው ኡምብሪያ ወደ ጎኗ እያዘነበለች ነበር፤ እነርሱም ነፍሳቸውን ይዘው ወረዱ። ከነጭነቷ ሰጥማ በግራ ጎኗ ኮራሉ ላይ ተኛች። ቦምቦቹ ቢፈነዱ ፖርት ሱዳን ምን እንደምትሆን ሁሉም ስለፈራ እስከ ዛሬ የነካቸው የለም። በቀጣዩ ወር የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ከእንግሊዝ ስደት ካርቱም ደረሱ፤ በጃንዋሪ 1941 ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ።

ለደስታው ብሎ ወደዚህ ሪፍ በመውረድ ስሙን ያስጠራው ሰው ሐንስ ሃስ ነው። በ1919 ቪየና የተወለደው ሃስ በወጣትነቱ በካሪቢያንና በግሪክ ባሕሮች ጠልቆ ፎቶግራፍ አንስቷል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ገንዘብም መርከብም አልነበረውም። በ1949 ለብቻው ፖርት ሱዳን ወረደ። የያዘው መሣሪያ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥና የወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ የሚመልስ ነበር። አረፋ ስለማያወጣ ዓሣ አይደነግጥበትም። ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ሲሉ ግን ንጹሕ ኦክስጅን ራሱ መርዝ ይሆናል፤ ሰውነትን አንቀጥቅጦ ራስን ያስታል። ሃስ ይህን እያወቀ ነው የሚወርደው። በሻርክ የተሞላ ነው እየተባለ ሰው በሚሸሸው ባሕር ውስጥ ካሜራውን ይዞ ሻርኮቹን ተከተላቸው። የሰጠመችውን ኡምብሪያንም ያኔ ጎበኛት።

ይዞት የተመለሰው ፎቶግራፍ ፊልም ሠሪዎችን አጓጓ። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፦ ሴት ተዋናይ ትኑርበት። ሃስ አልወደደውም፤ ሴት ለዚህ ሥራ አትሆንም ከሚሉት ወገን ነበር። የሃስ ጸሐፊ የነበረችው ሎተ ባየርል ግን በቪየና ዙሪያ ጠልቃ ተለማምዳ፣ በካሜራም ሠርታ ጠበቀችው። በ1950 ፖርት ሱዳን ሲደርሱ ገና 22 ዓመት አልሞላትም። ከሻርክና ማንታ ከተባለው ግዙፍ ዓሣ ጋር በአንድ ምስል ውስጥ እየዋኘች የፊልሙ ፊት ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጋቡ። ፊልሙ በ1951 በቬኒስ ፌስቲቫል ተሸለመ። ያን ያዩ ብዙ አውሮፓውያን የባሕር ዕረፍት ማለት አሸዋ ላይ መጋደም ብቻ እንዳልሆነ የተረዱት ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣልያኖች ብዙም ሳይቆዩ ተከተሉ። ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ ብሩኖ ቫይላቲ የመራው ቡድን በዚያው ዓመት ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ወደ ገባው የዳህላክ ደሴቶች ባሕር ወርዶ ወራት አሳለፈ። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ እዚያ የቀረጸው ባለ ቀለም ፊልም በ1954 ወጣ። ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቆጨው ነገር ቢኖር፣ ዳህላክ ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይል ሠፈርና የጦርነት ቀጣና ሆኖ መክረሙ ነው። ጠላቂው እንግዳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱዳን ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ባሕር ውስጥ መግባት የጥቂት ደፋሮች ሥራ ነበር። ተራው ሰው እንዲገባ ያስቻለው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኩስቶ ከመሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 የሠራው መሣሪያ ነው። በጀርባ የሚታዘል ሲሊንደር፣ በውስጡ የታመቀ ተራ አየር፣ በመካከሉ ጠላቂው በሳበ ቁጥር ልክ በዙሪያው ባለው ግፊት መጠን አየር የሚለቅ ቧንቧ። ስኩባ የሚባለው ስፖርት በዚህች ቧንቧ ላይ የቆመ ነው። ኩስቶ ካሊፕሶ በተባለች መርከቡ ከ1951 ጀምሮ ቀይ ባሕርን ሲያስስ ቆይቶ፣ በ1963 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ሻብ ሩሚ ሪፍ እንግዳ ዕቅድ ይዞ መጣ፦ ሰዎች ባሕር ውስጥ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ።

ቤቱ በ10 ሜትር ጥልቀት ተተከለ። አራት ክንፍ ያለው በመሆኑ የባሕር ኮከብ ቤት ተባለ። በውስጡ ያለው አየር ከውጪው ውኃ ጋር እኩል ግፊት ስላለው ወለሉ ላይ ያለው በር ክፍት ሆኖ ውኃ አይገባም፤ ነዋሪው ሲሊንደሩን አዝሎ ከሳሎኑ በቀጥታ ወደ ሪፉ ይወርዳል። አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖሩበት፤ አንዱ ወጥ ሠሪ ነበር። ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ቼዝ ይጫወታሉ፣ አየሩ ቢበላሽ ቀድሞ እንዲያስታውቃቸው አንድ በቀቀን አብሯቸው ነበር። ከእነርሱ በታች፣ ከ25 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ በሌላ ጠባብ ቤት ሁለት ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ አንድ ሳምንት በሙቀትና በላብ ታግለዋል። ኩስቶና ሚስቱ ሲሞን የጋብቻ በዓላቸውን ያከበሩት እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ከዚህ የተሠራው ፊልም ኦስካር አገኘ። ሰው ግን ባሕር ውስጥ ሊኖር አልሄደም። ቤቱ ተነቅሎ ተወሰደ፤ ጠልቃ የምትመራመረው ትንሽ መርከብ የምታድርበት ክብ ጋራዥ፣ የመሣሪያ ማስቀመጫውና የሻርክ ማጎሪያ ብረቶቹ ግን ቀሩ።

እነዚህ ፊልሞች የፈጠሩትን ገበያ ያዩ ጣልያናውያን ባለ ሀብቶች በ1972 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ በሚባል መርሳ ላይ የመዝናኛ መንደር ሠሩ። ቀይ ጣሪያ ያላቸው 15 ትናንሽ ቤቶች፣ ወጥ ቤት፣ ወደ ባሕሩ የሚያይ የመመገቢያ አዳራሽ። ከበሩ ፊት ለፊት ሪፉ አለ፤ መነጽርና ስኖርክል የተባለውን የመተንፈሻ ቱቦ ያደረገ ልጅ እንኳ ከዳርቻው ጥቂት ዋኝቶ ይደርስበታል። የጎደለው ሌላው ሁሉ ነበር። ውኃ የለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር የለም፣ የረባ መንገድ የለም። ባለቤቶቹ ኪሳራውን አልቻሉትም፤ መንደሩ ተዘግቶ ነፋስ አሸዋ ያስገባበት ጀመር።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ከአሩስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሌላ ታሪክ እየተጀመረ ነበር። ከወልቃይት፣ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ደርግ ከአገር መውጣትን በከለከለበት ዘመን ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። መንገዱ ላይ ሽፍታ፣ ጥማትና ወባ አለ፤ ገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት ካምፖች ደግሞ ረኃብና በሽታ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ከሌሎቹ ስደተኞች ጋር ተቀላቅለው ዝም ብለው ይኖራሉ። ከእነርሱ ቀድሞ ሱዳን የገባው የትግራዩ መምህር ፈረደ አክሉም ለእርዳታ ድርጅቶች የድረሱልን ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ አንዱ ደብዳቤ በእስራኤል የስለላ ድርጅት በሞሳድ እጅ ገባ። ሜናሔም ቤጊን በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የኢትዮጵያ አይሁዶች ወደ እስራኤል እንዲመጡ አዝዞ ነበር። ዳኒ ሊሞር የተባለው መኮንን ወደ ሱዳን ተልኮ ፈረደን አገኘው። ሥራው የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ሰው የሚወጣው በሐሰት ሰነድ፣ በካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በኩል፣ በጣት የሚቆጠር እየሆነ ነበር። ካምፑ ግን በሺዎች ይሞላል። የባሕሩ መንገድ የታሰበው ያኔ ነው። ሞሳዶች ጀልባ የሚያስጠጋ ዳርቻ ሲፈልጉ ባዶውን የአሩስ መንደር ደረሱበት። የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነን ብለው ከሱዳን ባለሥልጣናት ጋር ተዋዋሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ኪራይ 320,000 ዶላር ከፈሉ። ሱዳን የዓረብ ሊግ አባል ናት፤ ያኔ ከእስራኤል ጋር ጠላት ነበረች። ጠላት አገር ውስጥ መኪና ሲነዳ፣ ባሕር ሲያስስና ሌሊት በጀልባ ሲወጣ ማንም የማይጠረጥረው ነጭ ሰው ማን ነው? የጠላቂዎች አስጎብኚ ነው።

ሽፋኑ እንዲሠራ ግን መንደሩ እውነተኛ መሆን ነበረበት። የአየር ማቀዝቀዣና የመጥለቂያ መሣሪያ ከእስራኤል በድብቅ ገባ። 15 ያህል የአገሩ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ አንድ ጥሩ ወጥ ሠሪ ከሌላ ሆቴል በእጥፍ ደመወዝ ተወሰደ። የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር ሴት ወኪሎች ያዙት፤ ጥርጣሬ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ጄኔቫ ላይ ቢሮ ተከፈተ፣ የአሩስን ውበት የሚያወድስ ባለ ቀለም ማስታወቂያ በሺዎች ታትሞ በአውሮፓ የጉዞ ወኪሎች ዘንድ ተበተነ። እንግዳውም መጣ። አውሮፓውያን ጠላቂዎች፣ ከካርቱም የሚመጡ ዲፕሎማቶች፣ የግብፅና የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የሱዳን ሹማምንት ሳይቀሩ አረፉበት። መጨረሻ ላይ መንደሩ ወጪውን ራሱ ቻለ፤ ከትርፉም የስደተኞቹ መጫኛ መኪና ኪራይ ይከፈል ነበር። ባለቤቶቹ ያከሰሩትን መንደር ሰላዮች አተረፉበት ማለት ነው።

ሠራተኛ እንዳይገባበት የተከለከለ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የመጥለቂያ ዕቃ ማስቀመጫው። ሲሊንደሩ፣ መነጽሩና የእግር መቅዘፊያው ባለበት ክፍል ውስጥ ከቴል አቪቭ ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮ ተደብቋል። ቀን ላይ አስጎብኚው እንግዶቹን ይዞ ወደ ሪፉ ይወጣል፤ የሲሊንደራቸውን አየር ይሞላል፤ ያዩትን ዓሣ ስም ሲጠይቁት ይመልሳል። አንዳንድ ምሽት ደግሞ ከተማ ጉዳይ አለን ይላሉና ሁለትና ሦስት ሆነው ይጠፋሉ።

የሚሄዱት ገዳሪፍ አጠገብ ነው። የኮሚቴ ሰዎች የሚባሉት ወጣት ቤተ እስራኤላውያን ሰዉን ከካምፕ በጥቂት በጥቂቱ አውጥተው፣ ድምፅ ሳይሰማ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ከተያዙ እስርና ግርፋት የሚጠብቃቸው እነርሱ ናቸው፤ የውጭ አገር ፓስፖርት የላቸውም። አሮጊቱ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃኑ ወደ መኪናው ይጫናል፤ የት እንደሚሄድ የተነገረው ሰው የለም። ወደ ባሕሩ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሌሊት ይፈጃል፣ ቀኑን ሸለቆ ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ። ኬላ ሲደርሱ ጉቦ፣ ጉቦ ካልሠራ ነዳጁን ረግጦ ማለፍ። ከዚያ ዳርቻው። አብዛኞቹ ባሕር አይተው የማያውቁ ደገኞች ናቸው። በጨለማ ከውኃው ውስጥ የጎማ ጀልባ የያዙ ወታደሮች ብቅ ይላሉ፤ ሰዉን ጭነው በመርሳው በር በኩል ሪፉን አልፈው ባት ጋሊም ወደተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ ያደርሳሉ። ይህ ከ1981 መገባደጃ ጀምሮ ተደጋገመ። አሩስ ያለው እንግዳ ያኔ ለነገው ጠለቃ ተኝቷል።

ማርች 1982 ላይ፣ በሦስተኛው ጉዞ፣ ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ስደተኞቹ ወጥተው ሲያበቁ ወኪሎቹ ያሉባት ጀልባ ከዐለቱ መካከል ገብታ ተቀረቀረች፤ ክላሽንኮቭ የደገኑ የሱዳን ወታደሮች ደረሱባቸው። የቡድኑ መሪ ወደ መኮንኑ እየሮጠ ሄዶ በእንግሊዝኛ ይጮህበት ጀመር፦ በቱሪስት ላይ ልትተኩስ ነው? እኛ እኮ ለአገርህ ገንዘብ የምናመጣ፣ የቀይ ባሕርን ውበት የምናሳይ ነን፤ ለአለቆችህ እናገራለሁ! መኮንኑ ኮንትሮባንዲስት የያዘ መስሎት ነበር። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ አደገኛ ሆነ። ሞሳዶች በረሃ ውስጥ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትተውት የሄዱትን የአውሮፕላን መንደርደሪያ አገኙና ከሜይ 1982 ጀምሮ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ሌሊት እያረፉ ሰው ማውጣት ጀመሩ። በ1984 በካምፖቹ ውስጥ የሚሞተው ሰው ሲበዛ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ከ6000 በላይ ሰዎች ከካርቱም በብራስልስ በኩል ተጓጓዙ፤ ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ በረራው ተቋረጠ። አሩስ በዚህ ሁሉ መካከል እንግዳ ይቀበል ነበር።

ኤፕሪል 1985 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። አዲሶቹ ገዢዎች የሞሳድን ሰዎች ማደን ሲጀምሩ ከቴል አቪቭ አስቸኳይ ትእዛዝ መጣ። መንደሩን የቀሩት ወኪሎች ጎሕ ሳይቀድ በሁለት መኪና ወጥተው ከሚጠብቃቸው አውሮፕላን ጋር ተገናኙ። እንግዶቹ ሲነቁ ሠራተኞቹ አሉ፣ ሲሊንደሮቹ በቦታቸው ናቸው፣ አስጎብኚዎቹና ሥራ አስኪያጇ ግን የሉም። በታሪኩ ከሚያስቁት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በኢየሩሳሌም የሄርዝል ተራራ ላይ ያለው መታሰቢያ ግን ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በሱዳን ካምፖች ለሞቱት፣ ቁጥራቸው 4000 ያህል እንደሆነ ለሚገመተው ቤተ እስራኤላውያን የቆመ ነው።

አሩስ እንደገና አልቀናውም። የሱዳን የጠለቃ ገበያ ግን በጀልባ ቀጠለ፤ የጣልያናውያን ድርሻ ትልቅ ነበር። እንግዳው ፖርት ሱዳን ወርዶ በቀጥታ ወደ ጀልባ ይገባ፣ ሳምንቱን እዚያው እየበላና እያደረ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠልቅ ነበር። ዊንጌት ላይ ኡምብሪያ አለች፤ የላይኛው አካሏ ለውኃው ገጽ ቅርብ ስለሆነ ስኖርክል ያደረገም ያያት ነበር። ሲሊንደር ያዘለው ወደ ጭነት ክፍሏ ይገባ ነበር፤ ቦምቦቹ እንደ እንጨት ክምር ተደርድረዋል፤ ፊያቶቹም በዝገታቸው እዚያው አሉ። ሻብ ሩሚ ላይ ደግሞ በደቡቡ ጫፍ፣ 25 ሜትር አካባቢ ተቀምጠው ከሰማያዊው ጥልቀት የሚመጡትን መዶሻ ራስ ሻርኮች ይጠብቁ ነበር። የኩስቶ ጋራዥ በኮራል ተሸፍኖ ቆሟል። ከሥሩ ገብተው ወደ ጉልላቱ ሲወጡ የታቆረ አየር ስላለ ራስን ከውኃ አውጥቶ ከጓደኛ ጋር ሁለት ቃል መነጋገር ይቻላል፤ አየሩ ግን ጠላቂዎች ሲተነፍሱ የተውት ስለሆነ መቆየት አይመከርም።

ግብፅ ውስጥ ሻርም ኤል ሼክና ኸርጋዳ በሆቴል ሲሞሉ፣ የሱዳን ሪፍ በቪዛው ጣጣ፣ በማዕቀቡና በመንግሥቱ መጥፎ ስም የተነሣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስበት ሆኖ ቀረ። ለኮራሉ ይህ ሳይጠቅመው አልቀረም። ሳንጋነብ በ1990 ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ተባለ፤ በ2016 ደግሞ ከዱንጎናብ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ክሮስላንድ ቅርፊት ያረባበት ሰላጤ አሁን ዱጎንግ በሚባሉት የባሕር አጥቢ እንስሳትና በማንታዎቹ ይታወቃል።

በ2019 የአሩስ ታሪክ በኔትፍሊክስ ፊልም ሆነ። በቀይ ባሕር ስም የተሠራው ፊልም የተቀረጸው በደቡባዊ አፍሪካ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጀግንነቱን በሙሉ ለመልከ መልካሙ የሞሳድ መኮንን ሰጥቶ ኢትዮጵያውያኑን ተሸካሚና ተጫኝ ማድረጉ ነው፤ ብዙ ሐያሲም ይህንኑ ነቅፏል። በፈረደ አክሉም ላይ የተመሠረተው ገጸ ባሕርይ ስሙ እንኳ ተለውጧል። ፈረደ ራሱ በ2009 ስላረፈ ፊልሙን አላየም። የአሩስ መንደር ብልሃት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ከካምፕ እስከ መኪናው ያለችውን መንገድ ያለ ፓስፖርት የሠሩት የኮሚቴ ሰዎች ባይኖሩ ባት ጋሊም ባዶዋን ትመለስ ነበር።

ኖቬምበር 2020 ላይ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የኖሩበት ገዳሪፍ ያለው የኡም ራኩባ ካምፕ እንደገና ተከፈተ። ኤፕሪል 2023 ሱዳን ራሷ በጦርነት ተቀጣጠለች። ከካርቱም የሸሸው መንግሥትና ኤምባሲው፣ የተፈናቀለውም ሕዝብ ፖርት ሱዳን ላይ ተሰበሰበ፤ የሳዑዲና የሌሎች አገሮች መርከቦች የውጭ ዜጎችን ከወደቡ እያነሡ ወደ ጅዳ አሻገሩ። የጠለቃ ጉዞ የሚያስብ ሰው አልቀረም። በሜይ 2025 ድሮኖች ከተማዋን ለቀናት ደበደቡ፤ ከተመቱት መካከል የነዳጅ ማከማቻው፣ አንድ ሆቴልና የአውሮፓ ጠላቂዎች ያርፉበት የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ይገኙበታል።